ከጥቀርሻ የወጣ ብርሃን

ስልካችሁን አውጡና ያነሳችሁትን የትኛውንም ፎቶ ክፈቱ። ከሚደረደሩት ፊልተሮች መካከል አንዱ ፎቶውን ቡናማ የሚያደርግ ነው፤ በብዙ አፖች ላይ ስሙ «ሴፒያ» ነው። የልደት ፎቶም ይሁን የመርካቶ ግርግር አንዴ ትነኩታላችሁ፣ በቃ፣ ሁሉም ነገር ድንገት የአያቶቻችን ዘመን ይመስላል። እኔም ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ አላፍርበትም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ያ ቡናማ መልክ በአንድ ንክኪ የማይገኝበት ዘመን ስለነበሩ ሰዎች ነው። ዘመኑ 17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቦታው አውሮፓ፤ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች «ባሮክ» ብለው የሚጠሩት ጊዜ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን አንዳንድ ሠዓሊዎች ብዕር፣ ብሩሽና ጥቂት ቀለም ይዘው ከከተማ እየወጡ ሜዳውን፣ ወንዙን፣ ዛፉንና የፈረሰውን ግንብ ወረቀት ላይ ያሰፍሩ ነበር። አረንጓዴ የለ፣ ሰማያዊ የለ፤ ቡናማ ብቻ። ንድፎቹን ሙዚየሞች በድረ ገጾቻቸው ላይ ስለሚያወጧቸው ማታ ማታ ስልኬ ላይ ዙም እያደረግሁ አያቸዋለሁ። አጠገቤ ያለ ሰው «ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጥበት?» ሲለኝ መልሱ ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። «ቡናማ ውኃ» ብለው ማን ያምነኛል? ግን እኮ እውነት ነው። ከዚያ ቡናማ ውኃ ውስጥ ፀሐይ ትወጣለች፤ የኔም ጥያቄ ከየት መጣች የሚል ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሴፒያ ከትልፊሽ ከሚባለው፣ የኦክቶፐስ ዘመድ ከሆነው የባሕር እንስሳ የሚገኝ ቀለም ነው። በሠዓሊዎች ዘንድ በስፋት የተለመደው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ የባሮክ ዘመን ንድፍ ሥር «ሴፒያ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጸሐፊው ቀለሙን ሳይሆን መልኩን ነው የነገራችሁ። ያ ቡናማ በአብዛኛው ከሁለት ምንጮች የመጣ ነው።

አንዱ ቢስተር ይባላል። እንጨት በሚነድበት ማድ ቤት ያደገ ሰው ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ተጋግሮ የሚያብለጨልጨውን ጥቀርሻ ያውቀዋል። ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ ጠብታው ጥቀርሻውን እያጠበ ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር እየሠራ ይወርዳል። ቢስተር ማለት ይኸው ነው! አውሮፓውያኑ ከጭስ ማውጫቸው የፋቁትን የእንጨት ጥቀርሻ ይፈጩታል፣ ውኃ ውስጥ ያፈሉታል፣ ያጠሉታል፤ ወረቀቱን እንዲይዝም ሙጫ ይጨምሩበታል። የሚወጣው ቀለም ጥርት ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቡናማ ነው፤ ሲቀጥን ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ሲወፍር የጠቆረ ቡና ይመስላል።

ሁለተኛው ከኦክ ዛፍ ይመጣል። አንዲት ትንሽ ተርብ ዛፉ ላይ እንቁላል ስትጥል ዛፉ በቦታው ላይ ጠጣር እባጭ ያበቅላል። ያ እባጭ ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር የሞላበት ነው። ተፈጭቶ ከብረት ሰልፌትና ከግራር ሙጫ ጋር ሲበጠበጥ ወረቀት ላይ የሚጠቁር ቀለም ይሆናል። «የሚጠቁር» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ዛሬ ቡናማ ሆነው የምናያቸው ብዙዎቹ መስመሮች በተሠሩበት ቀን ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር የተጠጉ ነበሩ፤ ቡናማ ያደረጋቸው ዕድሜ ነው። ብረቱ ቀስ በቀስ እየዛገ መልኩን ይቀይራል። ይባስ ብሎ ቀለሙ አሲድ ስላለበት አንዳንዴ ወረቀቱን ይበላዋል፤ መስመሩ በወፈረበት በኩል ወረቀቱ ተሰንጥቆ ቀዳዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሠዓሊው አጥብቆ የተጫነበት ቦታ ቀድሞ ይጠፋል ማለት ነው። እኔ ይኼን ሳስብ ትንሽ ይከፋኛል።

ዕቃዎቹ ለኛ ባዕድ አይደሉም። ቁም ጸሐፊዎቻችን መቃ ቀርጸው ብዕር ሲያደርጉ፣ ከጥቀርሻ የበጠበጡትን ቀለም ብራና ላይ ሲያሰፍሩ ስንት መቶ ዓመት ኖረዋል። ልዩነቱ ከቀለሙ የሚጠበቀው ነገር ላይ ነው። የቁም ጸሐፊ ቀለም ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ እንዳይል ይፈለጋል፤ ፊደል ነዋ! የባሮክ መልክዓ ምድር ሠዓሊ ግን ቀለሙ እንዲፈስለት፣ እንዲሰራጭለት፣ እንደ ጉም እንዲሳሳለት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከብዕሩ ጎን ብሩሽና አንድ ዕቃ ውኃ የሚያስቀምጠው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዳንዶቹ መጀመሪያ በጥቁር ጠመኔ ቀለል አድርገው ቅርጹን ይይዛሉ። ቀጥሎ ብዕር ይመጣል። የዝይ ላባ ከሆነ ቀጭን፣ የሚታዘዝ፣ የሚታጠፍ መስመር ይሰጣል፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ ለመሥራት የሚያህለው የለም። የመቃ ብዕር ከሆነ ደግሞ መስመሩ ደፋርና ደንደን ያለ ነው፤ ቀለሙ ቶሎ ስለሚያልቅበት መጨረሻው ላይ ይደርቅና ይፋጫል። ከዚያ በኋላ ያው ቀለም በውኃ ይቀጥንና በብሩሽ መስመሮቹ ላይና መካከል ይቀባል። ፈረንጆቹ «ዎሽ» ይሉታል፤ እኔ «ስስ ቀለም» እያልኩ እቀጥላለሁ። ወረቀቱም የዛሬውን ዓይነት አይደለም፤ ከአሮጌ ጨርቅ የተሠራና ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በተቀቀለ ሙጫ የተነከረ ስለሆነ ውኃውን ወዲያው አይመጠውም። ሠዓሊው ቀለሙን ለመግፋት፣ ለማሳሳት፣ ጠርዙን በንጹሕ ውኃ ለማለስለስ ጥቂት ሰከንዶች ያገኛል። ከዚያ ይደርቃል፤ ወደ ኋላ መመለሻ በተን የለም።

ዋናው ምስጢር ግን ነጩ ላይ ነው። በዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ብርሃን ሲያስፈልግ ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ይቀባል። እዚህ ግን የሚቀባ ብርሃን የለም። ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። ወንዙ ላይ የሚያብረቀርቀው፣ ከዛፉ ጀርባ የሚፈነጥቀው፣ የደመናው ጠርዝ፣ ሁሉም ያልተነካ ባዶ ወረቀት ነው። ሠዓሊው የሚሠራው ጥላውን ብቻ ነው፤ ፀሐይዋን ይተዋታል። አንዴ ብሩሹ ካለፈባት ደግሞ አለቀላት፤ ስለዚህ የት እንደማይነካ ከመጀመሩ በፊት ያውቃል።

ርቀትስ እንዴት ይመጣል? ይኼን ለማስረዳት ከጀበና የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ቡናው ያው አንድ ነው፣ ውኃው ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። የባሮክ መልክዓ ምድርም እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት ያለው ዛፍና ድንጋይ በአቦል ይሠራል፤ ጠቆር፣ ወፈር ይላል። መካከል ያለው ድልድይና ሜዳ ቶና ነው። ከወዲያ ማዶ ያሉት ተራሮች በረካ ናቸው፤ መኖራቸው የሚታወቀው በጭንቅ ነው። እንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ይኼንን በዓይኑ አይቶታል፤ አየሩ ራሱ ሩቁን ነገር ያቀጥነዋል። በነገራችን ላይ በእውነተኛ ቡናም ይሠራል። አቦሉን እሳት ላይ ትንሽ ማወፈር፣ ወፈር ያለ የውኃ ቀለም ወረቀት መግዛት፣ አንዱ ንብርብር ሳይደርቅ ሌላውን አለመጨመር ነው። በደብተር ወረቀት ላይ ግን አትድከሙ፤ ይኮማተራል።

አሁን ይኼንን ነገር ከሁሉም በላይ ወደሠራበት ሰው ልውሰዳችሁ። ክሎድ ሎሬን ይባላል። የተወለደው ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሎሬን ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ግን ሮም ሲሆን የሞተው በ1682 ነው። የሚያውቀው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮአኪም ፎን ሳንድራርት እንደጻፈው ክሎድ መጀመሪያ የተማረው የኬክና የጣፋጭ ሥራ ነበር። ከምድጃ ወደ ብሩሽ መጣ እንግዲህ። ሳንድራርት ሌላም ነገር ነግሮናል፤ ክሎድ ገና ሳይነጋ ከሮም ወጥቶ ሜዳ ላይ ተጋድሞ የንጋቱን ሰማይ ሲያጠና፣ ማታም እንዲሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲጠብቅ ይውል እንደነበር።

ከእነዚያ ውሎዎች የተረፈ አንድ ወረቀት ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከሮም ዳር ካለው ሞንቴ ማሪዮ ከተባለ ኮረብታ ላይ ሆኖ የቲበርን ወንዝ ያየበት ነው፤ የተሠራው በ1640 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ስታዩት መጀመሪያ የፎቶ ካሜራ ያንቀጠቀጠው ምስል ይመስላል። የብዕር መስመር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ብሩሽ ብቻ ነው። ከፊት ጥቁር ያለ የኮረብታ ጥላ፣ ከዚያ እየሳሳ የሚሄድ ሜዳ፣ በመካከሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ የተተወው ወንዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ብዙ ሰዎች የቻይናን የቀለም ሥዕል ያስታውሳቸዋል። ለኔ ግን አስገራሚው ፍጥነቱ ነው። ጀንበሯ እየጠለቀች፣ ጥላው ቦታ እየቀየረ የተሠራ ይመስላል፤ ለመቁጠርና ለመዘርዘር የሚበቃ ጊዜ አልነበረውም፤ ጥላው የት እንደወደቀ ብቻ ያዘ፣ ሄደ።

ክሎድ ስሙ ሲገን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጳጳሱም የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛም ሥዕል ያዝዙት ጀመር። የዘመኑ ጸሐፊ ፊሊፖ ባልዲኑቺ ሮም ላይ ክሎድን ራሱን አግኝቶ እንዳሰፈረው፣ ሌሎች ሠዓሊዎች ሐሳቡን እየሰረቁ፣ አንዳንዴ ሥዕሉ ገና ሳያልቅ፣ በእሱ ስልት ሠርተው «የክሎድ ነው» እያሉ ይሸጡ ነበር። ፎርጅድ! ኮፒራይት የሚባል ነገር በሌለበት ከተማ ውስጥ ለማን አቤት ይባላል?

ይኼ ታሪክ እኔን የሚነካኝ ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ቻናል የሠራሁትን ንድፍ ወስዶ፣ ጥግ ላይ ያለውን ፊርማዬን ቆርጦ፣ የራሱን ሎጎ ለጥፎ አወጣው። ከሥሩ ሰው ሁሉ «ዋው» እያለ ኮሜንት ይሰጣል። ብጽፍላቸው መልስ የለም። ሥዕል የሚሠሩ፣ ፎቶ የሚያነሱ፣ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ጓደኞቼ ሁሉ ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው፤ አንባቢዎቼም መካከል ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ክሎድ ያደረገው ይኼ ነው። በ1630ዎቹ አጋማሽ ላይ አንድ የተጠረዘ ባዶ መጽሐፍ ይዞ አንድ ሥዕል ጨርሶ ከቤቱ ሳይወጣ በፊት ንድፉን እዚያ ላይ በብዕርና በስስ ቀለም ያሰፍር ጀመር። ከጀርባው ደግሞ ሥዕሉ ለማን፣ ለየትኛው ከተማ እንደተሠራ ይጽፋል። ጽሑፉ የፈረንሳይኛና የጣልያንኛ ቅልቅል ነው፤ ስፔሊንጉም አያድርስ ነው፣ ልክ እኛ አማርኛና እንግሊዝኛ ደባልቀን ቴክስት እንደምናደርገው። እንዲህ እያለ እስኪያረጅ ድረስ ቀጠለ፤ መጽሐፉ 195 ያህል ንድፎቹን ይዟል። ሰው ሥዕል ይዞ መጥቶ «ይኼ የአንተ ነው ወይስ አይደለም?» ሲለው መጽሐፉን ያወጣል፣ ይገልጣል፣ ያሳያል። በኋላ ላይ የታወቀበት ስም «ሊበር ቬሪታቲስ» ነው፤ «የእውነት መጽሐፍ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ብዙውን ጊዜ ንድፍ ከሥዕሉ በፊት ይመጣል፤ መዘጋጃ ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን ንድፉ የመጣው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ክሎድ በዘይት ቀለም ያበራውን ወርቃማ ሰማይ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ቀይ ካባ ሁሉ ወደ አንድ ቡናማ መተርጎም ነበረበት። ወርቁ ከሰማያዊው ምን ያህል ይፈካል? ቀዩ ከጥላው ምን ያህል ይጠቁራል? ስልካችን ይኼን ስሌት ለእያንዳንዷ ነጥብ በአንድ ቅጽበት ያሰላዋል፤ የትኛዋ ነጥብ ከየትኛዋ እንደምትበልጥ ግን ግድ አይሰጠውም። ክሎድ ደግሞ እየመረጠ ነው የሚሄደው። ስስ ቀለሙን አንድ ቦታ ያሰፋዋል፣ ሌላ ቦታ ይቆጥበዋል፤ ዓይናችን መጀመሪያ ወዴት እንዲሄድ እንደሚፈልግም ከዚያ ይታወቃል።

ወረቀቶቹ ራሳቸው የዚህ ጨዋታ አካል ናቸው። መጽሐፉ የተጠረዘው አራት ነጭ፣ አራት ሰማያዊ፣ ደግሞ አራት ነጭ እየተባለ ነው። ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሕጉ ይቀየራል፤ ወረቀቱ መካከለኛ ጥላ ስለሆነ ብርሃኑን በመተው ብቻ ማግኘት አይቻልም፣ ነጭ ቀለም ጠብ ጠብ ማድረግ ይመጣል። ጨረቃ የወጣችበት ወይም ጭጋግ ያለበት ጠዋት ይመስላል። ነጩ ላይ ደግሞ ቀትር ነው። የኔ ምርጫ ነጩ ነው፤ ሰማያዊው ቆንጆ ቢሆንም ትንሽ ያግዘዋል ብዬ አስባለሁ፣ ነጩ ላይ ግን ምንም መደበቂያ የለም።

ከመጽሐፉ ንድፎች አንዱ ለኛ የተለየ ስሜት ይሰጣል። ክሎድ በ1648 «የሳባ ንግሥት ከወደብ ስትነሳ» የሚል ትልቅ የዘይት ሥዕል ሠርቷል፤ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ይገኛል። የሥዕሉ ንድፍ የእውነት መጽሐፍ ውስጥ አለ። ማክዳን ለማግኘት ዓይናችሁ ከተጣደፈ ትደክማላችሁ፤ ንግሥቲቱ በቀኝ በኩል ካለው ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ የምትወርድ ትንሽዬ ሰው ናት። ሕንፃዎቹ የሮም ሕንፃዎች ናቸው፣ ወደቡ በምናብ የተሠራ ነው፤ ሀገራችንን የሚያስታውስ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። የሥዕሉ እውነተኛ ባለቤት መካከል ላይ፣ ከባሕሩ አድማስ ትንሽ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ፀሐይ ናት። ማዕበሉ ላይ እስከ እኛ ድረስ የብርሃን መንገድ ዘርግታለች። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ይኼን ሥዕል ከመውደዱ የተነሳ የራሱ ሥራ ከጎኑ እንዲሰቀል ተናዝዞ ነው የሞተው፤ ዛሬም እንደተናዘዘው ተሰቅሏል።

የመጽሐፉ ቀጣይ ዕጣ ግን ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ክሎድ ከሞተ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የዴቮንሻየር መስፍኖች እጅ ገባ። አሳታሚው ጆን ቦይደል ደግሞ ለሪቻርድ ኤርሎም ሰጥቶ ንድፎቹን በመዳብ ሳህን ላይ አስቀረጻቸው፤ በ1777 የተጠናቀቁት 200 ሕትመቶች በቡናማ ቀለም ታትመው ተሸጡ። ኮፒ እንዳይደረግ የተሠራው መጽሐፍ በመላው አውሮፓ የሥዕል ተማሪዎች ኮፒ ሲያደርጉት ኖሩ። ዋናው መጽሐፍ በ1957 ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።

ከሮም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆላንድ ስንሻገር በዚያው ዘመን ሌላ ሰው እናገኛለን። ረምብራንትን በፊት ሥዕሎቹ ነው የምናውቀው። በ1640ዎቹና በ1650ዎቹ መጀመሪያ ግን ከአምስተርዳም እየወጣ በአምስቴል ወንዝ ዳርና በግድቦቹ ላይ እየተራመደ ብዙ መልክዓ ምድር ነድፏል። ሮም ፍርስራሽ አላት፣ ተራራ አላት፤ ሆላንድ ምን አላት? ጠፍጣፋ ነው። ከአግድም መስመር ሌላ የሚያዝ ነገር የለም፤ አንድ የሣር ቤት፣ አንድ የንፋስ ወፍጮ፣ አጥር።

አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለው የፎግ ሙዚየም ያለችው «የበረዶ ወቅት መልክዓ ምድር» ለኔ የዚህ ሁሉ ጫፍ ናት። መጠኗ ከተጋደመ ስልክ ብዙም አይበልጥም። በመቃ ብዕር የተሳቡ ጥቂት ወፋፍራም መስመሮች፣ የእርሻ ቤት፣ አጥር፤ ትንሽ ስስ ቀለም ከሥራቸው። የቀረው ወረቀት ነው። በረዶው እሱ ነው። አንዲት ነጥብ በረዶ አልሳለም እኮ! ስትመለከቱት ግን ይበርዳችኋል። ክሎድ የተወው ባዶ ቦታ ፀሐይ ሆነ፣ ረምብራንት የተወው ደግሞ በረዶ፤ ወረቀቱ ያው ነጭ ወረቀት ነው። ምን እንደሆነ የሚነግረን ጎኑ ያለው ጥላ ነው፤ የክሎድ ጥላ ጠርዙ ለስልሶ ይሟሟል፣ የረምብራንት ደግሞ ቁርጥ ያለና ደረቅ ነው።

ረምብራንት የእውነት መጽሐፍ አልነበረውም። በ1656 ኪሳራ ላይ ወድቆ ንብረቱ ሲመዘገብ ከዝርዝሩ ውስጥ በመልክዓ ምድር ንድፎቹ የተሞሉ ጥራዞች ነበሩ። ለገበያ የሠራቸው አይመስልም፤ ቤቱ ተቀምጠው ነበር። ዕዳ ለመክፈል ተሸጡ፣ ተበተኑ። አብዛኞቹ ፊርማ የላቸውም። ተማሪዎቹም በእሱ ስልት ይነድፉ ስለነበር ምሁራን እስከዛሬ «ይኼኛው የእሱ ነው፣ ይኼኛው የተማሪው» እያሉ ይከራከራሉ፤ ለረጅም ጊዜ የረምብራንት ሲባሉ የኖሩ ስንት ወረቀቶች ስማቸው ተቀይሯል። የጣልያኑ ጉዌርቺኖም አልተረፈም፤ የእሱን የብዕር መልክዓ ምድሮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን አስመስለው የሠሩ ነበሩ።

ወደ ፊልተሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከኢንስታግራም በጣም ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሀገር ጎብኚዎች የክሎድን ሥራ ከመውደዳቸው የተነሳ «የክሎድ መስታወት» የሚባል ነገር በኪሳቸው ይዘው መዞር ጀመሩ። ትንሽ፣ ጥቁር የተቀባና ትንሽ ጎበጥ ያለ መስታወት ነው። ሀይቁን ወይም ተራራውን በእሱ ውስጥ ስታዩት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ለስለስ ብሎ የክሎድን ሥዕል ይመስላል። ክሎድ ራሱ እንደዚህ ያለ መስታወት ስለመጠቀሙ ምንም ማስረጃ የለም፤ ስሙን ነው የሰጡት። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። መስታወት ስለሆነ መልክዓ ምድሩን ለማየት ጀርባ መስጠት ያስፈልጋል። ገጣሚው ቶማስ ግሬይ በ1769 ሌክ ዲስትሪክትን ሲጎበኝ መስታወቱን በእጁ እንደያዘ መንገድ ላይ በጀርባው ወድቋል፤ የእጁ መገጣጠሚያ ብቻ ተላጠ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅም ሳያያት አልሄደም። ሴልፊ ሲያነሳ ገደል አፋፍ ላይ የሚንገዳገደውን ጓደኛችሁን አስታወሳችሁ አይደል?

መስታወቱ የሰጣቸው የክሎድን ድባብ ነው። ክሎድ ግን ጀርባውን አልሰጠም፤ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ነበር የሚያየው።

እነዚህን ወረቀቶች ሄዶ ማየት ለሚያምረው ሰው አንድ ነገር ልንገር። ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አይጠብቁም። ቢስተርም ሰማያዊ ወረቀትም ብርሃን ሲበዛባቸው ስለሚደበዝዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ጨለማ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ለኤግዚቢሽን ሲወጡም ለጥቂት ወራት፣ በደበዘዘ መብራት ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም የሕትመትና የንድፍ ማጥኛ ክፍል አለው፤ ለንደን ያላችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኛ እዚህ ያለነው የሙዚየሙን ድረ ገጽ ከፍተን ክሎድ ብለን መፈለግ ነው። የሞንቴ ማሪዮውን ስታገኙ በሁለት ጣት ዘርጉትና ወንዙ ላይ ቁሙ። ብሩሹ ከየት ተነስቶ የት ላይ እንደቆመ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የት ላይ እንደተጠራቀመ፣ ከወንዙ ዳር ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው እንዴት እንደተመለሰ ይታያል።